ላረጀ መኪና ጎማ መምረጥ

ከሃምሳ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ለተሠራ መኪና ጎማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቁጥር ነው። በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የጎማ ልክ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የለም። የ1955ቱ (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌ 6.70-15 ይላል፤ ቮልስዋገኑ 5.60-15፣ ፊያት ሰይቼንቶው 5.20-12። ሻጩ ከመደርደሪያው አውርዶ የሚያሳየው ግን 205/75 አር 15 ወይም 165/80 አር 15 የሚል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ማገናኘት ሲሆን፣ ከዚያ ክብደቱ፣ ቸርኬው፣ ጎማው የተሠራበት ጊዜና መኪናው የሚውልበት መንገድ ይከተላሉ። ብዙ ባለመኪና ይህን ገልብጦ ከጎማው ስምና መልክ ይጀምራል። ገንዘብ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው።

አሮጌዎቹ መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በተለያየ በር ነው። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት መንገድና የጭነት መኪና ትቶ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎች እገዛ ተቋቋመ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ እርዳታ ስምምነት ጂፕና ወታደራዊ ካሚዮን አስከተለ። ሰይቼንቶ የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆነ። ላንድሮቨር አውቶቡስ በማይደርስበት የገጠር መንገድ ሕዝብና እህል አመላለሰ። ቮልስ ደግሞ ከመምህር እስከ ሐኪም ድረስ የደመወዝተኛው መኪና ነበረች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚችው መኪና ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች፣ ሸቭሮሌና ፎርድ፣ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ምንጊዜም ጥቂት ነበሩ።

እነዚህ መኪኖች እስካሁን የዘለቁት ባለቤቶቻቸው ስለሚወዷቸው ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ጎማም ጭምር፣ ዋጋው ናረ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይዞ መቆየቱ ከውበት ይልቅ የሒሳብ ጉዳይ እየሆነ መጥቷል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመለስ፣ በድሮው አጻጻፍ 6.70-15 ማለት የጎማው ወርድ 6.70 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 15 ኢንች ማለት ነው። የጎኑ ቁመት አልተጻፈም፤ በዚያ ዘመን ቁመቱ ከወርዱ ጋር ተቀራራቢ ስለነበር መጻፍ አላስፈለገም። በአዲሱ አጻጻፍ 205/75 አር 15 ሲባል 205 ወርዱ በሚሊሜትር፣ 75 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ አር ራዲያል መሆኑን፣ 15 ደግሞ ቸርኬውን በኢንች ይናገራል። ሚሊሜትርና ኢንች በአንድ መስመር ላይ መቀላቀላቸው ገዢን ግራ ማጋባቱ አይቀርም፤ ግን ዓለም ሁሉ የሚጽፈው እንዲሁ ነው። በመካከሉ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካውያን ወርዱን ትተው የመሸከም አቅሙን በፊደል የሚያሳይ ሦስተኛ አጻጻፍ ተጠቅመዋል። ኤፍ 70-14 የሚል ጎማ ያለው መኪና የዚያ ዘመን ነው።

ዋናው መመዘኛ ወርዱ ሳይሆን የጎማው ሙሉ ቁመት ነው፣ ማለትም መሬት ከሚነካው ጥርስ እስከ ተቃራኒው ጥርስ ያለው። የፍጥነት መቁጠሪያው፣ የማርሹ ልክና መከላከያው ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በእሱ የተሰላ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የቸርኬው ኢንች በ25.4 ይባዛል፣ በዚያ ላይ የጎኑ ቁመት ሁለት ጊዜ ይደመራል። 165/80 አር 15 ቢሰላ 645 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ይህ ከቮልሷ የድሮ 5.60-15 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለሸቭሮሌው 6.70-15 በልምድ የሚመከሩት 205/75 አር 15 እና 215/75 አር 15 ሲሆኑ፣ የሁለተኛው ቁመት 703 ሚሊሜትር ስለሚሆን ለድሮው ይበልጥ ይቀርባል። 6.95-14 ለነበረው የ1965ቱ ፎርድ ሙስታንግ 195/75 አር 14 ይበቃዋል። ልዩነቱ ከሦስት በመቶ ካለፈ መቁጠሪያው መዋሸት፣ መኪናውም ዳገት ላይ መክበድ ወይም ሞተሩ ያለ ቅጥ መጮህ ይጀምራል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚነበበው የክብደት ቁጥር ነው። ከጎማው ልክ አጠገብ እንደ 82 ወይም 94 ያለ ቁጥርና አንድ ፊደል ይታያል። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል፣ 94 ማለት 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤስ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ኤች 210። ሻጮች የሚኩራሩት በፍጥነቱ ፊደል ሲሆን፣ ለአሮጌ መኪና ግን እምብዛም ጥቅም የለውም። በወሎ ተራሮች ላይ 180 የሚነዳ ቮልስ የለም። ቤተሰብና ሻንጣ የጫነ ትልቅ የአሜሪካ መኪና በአንድ ጎማ ላይ እስከ 500 ኪሎ ሊያሳርፍ ስለሚችል፣ መታየት ያለበት የክብደቱ ቁጥር ነው።

በድሮውና በአዲሱ ጎማ መካከል ከቁጥር የጠለቀ ልዩነት አለ። የድሮው ጎማ ውስጡ ያሉት ክሮች ከጎን ወደ ጎን ሰያፍ ሆነው፣ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ እንደ ሰሌን ተሻግሮ የተሠራ ነው። በራዲያል ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ በጥርሱ ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ መቀነት ይዞራል። ይህን አሠራር የፈረንሳዩ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ከ1949 ጀምሮ ሸጦታል። አሜሪካ ግን ዘግይታ ነው የተቀበለችው፤ ከፋብሪካ ራዲያል ተገጥሞለት የወጣ የመጀመሪያው የአሜሪካ መኪና የ1970ው ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ ሦስት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአሜሪካ መኪኖች ሁሉ መሪያቸውና ባሌስትራቸው የተቀመረው ለሰያፍ ክር ጎማ ነው ማለት ነው።

ራዲያል ሲገጠምላቸው የሚገኘው ለውጥ አብዛኛው መልካም ነው። ጎማው ኩርባ ላይ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆማል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። የሚጎዳው ነገር መሪው ቆሞ ሲዞር መክበዱ ነው፤ የመሪ እርዳታ ለሌለው ከባድ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሪው ላይ ያለ ክፍተት ሁሉ በራዲያል ይጋለጣል፤ ያረጀው ቡሽና መጋጠሚያ መጀመሪያ ካልተጠገነ ጥፋቱ ያለ አግባብ በጎማው ይሳበባል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ አሰ ላይ መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም። ግድ ሆኖ ሁለት ራዲያል ብቻ ከተገኘ ቦታው ከኋላ ነው፤ ከፊት ከተገጠመ የኋላው ቀድሞ ይለቅና መኪናው ኩርባ ላይ ይሽከረከራል።

ቮልስ ለብቻዋ መታየት አለባት፤ ምክንያቱም ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ በብዙ ነገር ከሌሎች ትለያለች። ከ1952 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩት 5.00-16 ይጠቀሙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት 5.60-15 ናቸው። ለእነዚህ 165/80 አር 15 ልኩ ነው፤ 155/80 አር 15ም ይሆናል፣ ግን ቁመቱ ወደ 629 ሚሊሜትር ስለሚወርድ መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አስበልጦ ያሳያል። የቮልስ የፍጥነት ገመድ ከግራው የፊት እግር ሞዞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከኋላ ከፍ ያለ፣ ከፊት የድሮውን ልክ የጠበቀ ጎማ ያደረገ ሰው መቁጠሪያው አይዛባበትም። ሰፊ ጎማ ማድረግ ፋሽን ቢሆንም በአራትና በአራት ተኩል ኢንች ቸርኬ ላይ 195 መግጠም ጎማውን ጠምዝዞ ከማስቀመጥ አይለይም፤ መከላከያውንም ይፍቃል።

ከልኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አየሩ ነው። የቮልስ መጽሐፍ ከፊት 16 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ከኋላ 24 ገደማ ይላል፤ ሰው ሲሞላ ከፊት አንድ ወይም ሁለት፣ ከኋላም ሁለት ሦስት ይጨመራል። ለራዲያል ትንሽ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፣ የፊትና የኋላው ልዩነት ግን መጠበቅ አለበት። ሌላ መኪና የለመደ ጎሚስታ አራቱንም 30 አድርጎ ይለቃል። ያኔ ቀላሉ የፊት ክፍል መንገዱን አይነክስም፣ ትንሽ ጉድጓድ ያነጥረዋል፣ ነፋስም ያወዛውዘዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ መሪዋ ተበላሸ ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። የቮልስ ስኮርታ ሌላ አስገራሚ ተግባር አለው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው ከስኮርታው ጎማ በሚመጣ አየር ነው፤ ስለዚህ ስኮርታው ከሌሎቹ እጅግ አብልጦ፣ ወደ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞላል። መኪናው ላይ ሲገጠም መቀነስ አለበት።

ላንድሮቨርና ጂፕ ያላቸው ሰዎች በአንድ በኩል ዕድለኞች ናቸው። የዊሊስ ጂፕና የአጭሩ ላንድሮቨር ልክ 6.00-16፣ የረጅሙ ላንድሮቨር 7.50-16 ነው፤ ይህ ሁለተኛው አይሱዙ የጭነት መኪና የሚጠቀምበት ልክ ስለሆነ ኮምቦልቻም ደሴም ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ንብርብሩ ነው። ለአይሱዙ የሚመጣው ጎማ ብዙ ጊዜ 14 ንብርብር የሚል ጽሑፍ ያለው፣ አምስት ቶን ጫኝ መኪና ለመሸከም የተሠራ ነው። ባዶ ላንድሮቨር ላይ ሲገጠም ድንጋይ ይሆናል፤ መኪናው ይዘላል፣ ባሌስትራው ይሰበራል፣ እርጥብ መንገድ ላይም ጥርሱ መሬቱን ሙሉ ለሙሉ አይነካም። ስድስት ወይም ስምንት ንብርብር የሚል ከተገኘ፣ ስሙ ያልታወቀ ቢሆንም፣ እሱ ይሻላል። ለሚኒባስ የሚመጣውና ከቁጥሩ በኋላ ሲ የሚል ፊደል ያለው ጎማም ቀላል የቤት መኪና ላይ ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ጎማው የተሠራበት ጊዜ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍርድም እዚህ ላይ ነው። አሮጌ መኪና ጥቂት ስለሚሄድ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ላስቲክ በፀሐይ፣ በሙቀትና በአየር ውስጥ ባለ ኦዞን ይደርቃል፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ነው። ጥቁሩ ያብለጨለጨ፣ ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለው ዕድሜው አልቋል። ጊዜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ይነበባሉ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ወሬም አያስፈልገውም። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ጎማ አምራቾቹ ራሳቸው ደግሞ አሥር ዓመትን የመጨረሻ ጣሪያ ያደርጋሉ። ከስሙ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጣል። ባለፈው ዓመት የተሠራ ያልታወቀ ጎማ፣ ስምንት ዓመት መጋዘን ከከረመ ዝነኛ ጎማ የተሻለ ነው።

አዲስ ጎማ ከውጭ ይመጣል፤ በአገር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአዲስ ጎማ ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር በሽርክና ሠርቷል፤ በኋላም ወደ ሆራይዘን ዞሯል። ያገለገለ ጎማ የሚፈልግ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ይዞራል። መርካቶ ጎማ ተራ ያለው ብዙው ግን መንገድ የሚመለስ አይደለም፤ በረባሶ የሚሆን ነው። ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ውስጡን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ልጥፍ፣ ያበጠ ቦታ ወይም ብቅ ያለ ሽቦ ካለ ዋጋው ምንም ይርከስ መተው ነው። ጥርሱ በጋለ ምላጭ እንደገና የተቆረጠ ጎማም እንዲሁ፤ ምላጩ ከሽቦው በላይ የቀረችውን ላስቲክ ነው የሚወስደው።

ጎኑ ነጭ የሆነው ጎማ የብዙ ሰው ምኞት ነው። መነሻው ጌጥ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት ጎማ ሁሉ በዚንክ ኦክሳይድ ምክንያት ነጭ ነበር፤ ጥንካሬ እንዲያገኝ የካርቦን ጥቀርሻ መጀመሪያ ጥርሱ ላይ ብቻ ሲጨመር ጎኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በድሮው መልክና በድሮው ልክ ጎማ የሚያሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ዋናው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ኮከር ታየር ነው። ፋየርስቶንና ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የሚል የድሮ ስም ያላቸውን ጎማዎች የሚያሠራው እሱ ነው። እነዚህን አስጭኖ ማምጣት የሚቻለው ብዙ ዶላርና ትዕግሥት ላለው ነው፤ ለሠርግና ለትርኢት ለሚወጣ መኪና ያምራሉ፣ በየሳምንቱ ደሴ ለሚመላለስ መኪና ግን ትርጉም የላቸውም።

ጎማው ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ የጎሚስታው ነው። አሮጌ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጎማው እንዳይወጣ ከውስጥ የሚይዘው ጉብታ ስለሌለው ያለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) መገጠም የለበትም። ካላማዳሪው የራዲያል መሆን አለበት፣ ልኩም ከጎማው ጋር አንድ ይሁን፤ የሰፋው ታጥፎ ይቆረጣል፣ የጠበበው ተወጥሮ ይፈነዳል። አዲሱ ጎማ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ መነሳት አለበት፤ ካላማዳሪውን እየፈገፈገ ይበሳዋልና። ቸርኬው በመዶሻ የተቃና፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ የሰፋ ወይም ዝገት የበላው ከሆነ የተሻለው ጎማ እንኳ አይረዳውም። ባላንስ ሳይደረግ የወጣ መኪና ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ምርጫውን የሚፈትነው መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ከደሴ በቦሩ ሜዳ አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሐይቅ የሚሄደው ደግሞ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ይወርዳል፤ ከዚያ አምባሰልን ይዞ በውጫሌና በመርሳ ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ቁልቁለት ላይ የድሮ ፍሬን ይግላል፣ ሙቀቱም በሞዞውና በቸርኬው በኩል ጎማውን ያገኘዋል። ሞተሩን በማርሽ ይዞ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑንና ጎማውን አንድ ላይ ያድናል። በክረምት ሦስት ሚሊሜትር ያልሞላ ጥርስ ውኃውን ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ በብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው 1.6 ሚሊሜትር ለእነዚህ ኩርባዎች አይበቃም።

ከፍታው የአየር መለኪያውንም ይነካል። ደሴ ላይ 30 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የውጪው አየር ስለሚከብድ፣ በአንድ ያህል ቀንሶ ይታያል። ቆላው ሞቃት በመሆኑና ጎማውም ሲሄድ ስለሚግል ግን ልዩነቱ ይካካሳል፤ በየአሥር ዲግሪው ሙቀት አንድ ተኩል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። የጋለ ጎማ ከፍ ብሎ ታየ ብሎ ማስተንፈስ በማግስቱ የጎደለ ጎማ ይዞ መነሳት ነው።

በጀት ለአራት ካልበቃ ሁለት ተገዝቶ ከኋላ ይገጠማል። ከዚያ የስኮርታው ቀን ይታይ፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከሁሉ ያረጀው ጎማ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።